የጀርመኖች በዓላት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀርመን የገባሁ ሰሞን አንድ ሐሙስ ጠዋት ወተት ልገዛ ወጣሁ። የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መንገዱ ላይ ግን ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ቢራ የተጫነበት የእጅ ጋሪ እየጎተቱ፣ እየዘፈኑ ወደ ጫካ ይሄዳሉ። ለካ ዕለቱ ዕርገት ኖሯል። ወተቱ ቀረ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚህን አገር ካላንደር ማጥናት ያዝኩ። አዲስ የሚመጡ ወገኖች በየጊዜው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች፣ ሰዓቶቹ ግን በኛ አቆጣጠር ናቸው።

በዓመት ስንት ቀን ነው የሚዘጋው?

የት ነው የምትኖሩት? እዚህ አገር ስለ በዓል ለሚነሳ ጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው።

በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት 9 ናቸው፦ ጃንዋሪ 1፣ ስቅለት፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሜይ 1፣ ዕርገት፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ ኦክቶበር 3፣ እንዲሁም ዲሴምበር 25 እና 26። ሌላውን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለራሱ ይወስናል። ነገሩ የቆየ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ድርሻ ነው። ካቶሊክ በሚበዛበት በባየርን ኖቬምበር 1፣ የቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ ይዘጋል። ፕሮቴስታንት በሚበዛበት በሰሜንና በምሥራቅ ደግሞ በዋዜማው፣ ኦክቶበር 31፣ የሉተር ተሐድሶ ይከበራል። በርሊን በሃይማኖቱ ብዙም አልገፋችም። ከ2019 ጀምሮ የሴቶችን ቀን፣ ማርች 8ን፣ ዘግታ ታከብራለች።

በበዓል ብዛት አንደኛዋ ከተማ አውግስቡርግ ናት። ኦገስት 8 የሰላም በዓል የሚባል የራሷ ቀን አላት። የከተማዋ ፕሮቴስታንቶች የአምልኮ ነፃነታቸውን ካስመለሱ በኋላ በ1650 የጀመሩት ነው። ከከተማዋ ወሰን አንድ ጣቢያ አለፍ ካላችሁ ግን ሥራ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በዓሉ እሑድ ላይ ከዋለ ምትክ ቀን የለም፤ ቀለጠ። ሐሙስ ላይ ከዋለ ደግሞ ዓርቡን «የድልድይ ቀን» ይሉታል። አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ አራት ቀን ማረፍ ማለት ነው። ጀርመኖች የድልድይ ቀኖቻቸውን ገና ዓመቱ ሳይጀመር ቆጥረው ጨርሰዋል። ዘግይቶ የጠየቀ ቢሮ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል።

እሑድና በበዓል ቀን ሱቅ ለምን አይከፈትም?

ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስላለ። እሑድና የበዓል ቀናት የዕረፍትና የመንፈስ ማደሻ ቀን ሆነው ይጠበቃሉ የሚለው አንቀጽ ከ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት ቃል በቃል ተወስዶ አሁን ባለው ውስጥ ገብቷል። ማደያዎች፣ የትልልቅ ባቡር ጣቢያ ሱቆች፣ ለጥቂት ሰዓት ደግሞ ዳቦ ቤቶች ይከፍታሉ።

ጸጥታው ለሱቅ ብቻ አይደለም። እሑድ ግድግዳ መብሳት፣ ሣር በማሽን ማጨድ፣ ባዶ ጠርሙስ ሰፈር ካለው የጠርሙስ ገንዳ ውስጥ ማንኳኳት ክልክል ነው። የጠርሙሱን ነገር የነገሩኝ አንዲት ጎረቤቴ አሮጊት ናቸው። በጣም በትሕትና፣ ግን መስኮት ላይ ቆመው፣ እኔ የመጨረሻውን ጠርሙስ እስክመልስ ድረስ።

ገና 24 ነው ወይስ 25?

ልቡ ያለው ዲሴምበር 24 ማታ ነው። በሕግ ግን ቀኑ በዓል አይደለም፤ ሱቆች በአብዛኛው ቦታ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ከተማው ጭር ይላል። እንደኛ አገር ዋዜማ ግርግር የምትጠብቁ ከሆነ ትደነግጣላችሁ። ሁሉም ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ይህ ምሽት የቅርብ ቤተሰብ ምሽት ነው። ጀርመን ወዳጃችሁ ለ24 ማታ ቤቱ ከጠራችሁ እንደ ቤተሰብ ቆጥሯችኋል ማለት ነውና ሌላ ቀጠሮ ካለ ሰርዙ።

ምግቡ ያስቃል። ያን ሁሉ ሳምንት ጉድ ጉድ ካሉ በኋላ ብዙ ቤት የሚቀርበው የድንች ሰላጣና ቋሊማ ነው። ትልቁ ድግስ 25 ቀን ይመጣል፤ የዝይ ጥብስ ከቀይ ጎመንና ከድንች ድብልብል ጋር። 26ም ዝግ ነው፤ ዘመድ ይጠየቅበታል።

ስጦታው የሚከፈተው 24 ማታ ነው። ማን ያመጣዋል ካላችሁ ደግሞ ያው፣ የት ነው የምትኖሩት? በሰሜንና በምሥራቅ ነጭ ጢም ያለው ቫይናክትስማን ያመጣል። በደቡብና በምዕራብ ክሪስትኪንድ፣ ማለትም «ሕፃኑ ክርስቶስ» ያመጣል። ስጦታ ሰጪነቱን ከቅዱስ ኒኮላስ ወደ ሕፃኑ ያዞረው ሉተር ነው ይባላል። ዛሬ ግን ክሪስትኪንድን የሙጥኝ ብለው የያዙት ካቶሊኮቹ ናቸው። ኑርንበርግ ውስጥ ጭራሽ ክሪስትኪንድ በየሁለት ዓመቱ የምትመረጥ ወጣት ልጅ ናት። የወርቅ ጸጉርና ዘውድ ደፍታ የገና ገበያውን ትከፍታለች።

ከገና በፊት ያለው የሻማው፣ የጫማው፣ የገበያው ነገርስ?

ከገና በፊት ያሉት አራት እሑዶች አድቬንት ይባላሉ። ከጥድ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ ክብ ላይ አራት ሻማ ይቆማል፤ በየእሑዱ አንድ ይጨመራል። ይህን የጀመረው ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን የሚባል የሀምቡርግ ሰው ነው። ድሃ ልጆችን የሚያሳድግበት ቤት ነበረው። ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ቢጨቀጭቁት በ1839 በአንድ የጋሪ ጎማ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ትንሽ፣ ለእሑድ ትልቅ ሻማ ሰካላቸው። በኋላ አራቱ ትልልቆቹ ብቻ ቀሩ። ለልጆች ደግሞ 24 መስኮት ያለው ካላንደር አለ፤ በየቀኑ አንዱን ከፍተው ቸኮሌት ያወጣሉ።

ዲሴምበር 4፣ የቅድስት ባርባራ ቀን፣ የቼሪ ቅርንጫፍ ቆርጠው ውኃ ውስጥ ያቆማሉ። ሞቅ ያለ ቤት ከሆነ ልክ ለገና ያብባል። እኔ ከልማዶቻቸው ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ። ውጭ ሁሉ ደርቆ ቆሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ነጭ አበባ።

ዲሴምበር 5 ማታ ልጆች ቦት ጫማቸውን ወልውለው በር ላይ ያኖራሉ፤ ጠዋት ኒኮላውስ ለውዝ፣ መንደሪንና ቸኮሌት ሞልቶበት ይገኛል። ልጅ ካላችሁ ይህን ቀን አትርሱ። በነጋታው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሚወራው ሌላ ወሬ አይደለም።

ገበያው በየከተማው አለ። የድሬስደኑ በ1434 ተጀመረ፤ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ሽቶለን የሚባለው በዘቢብና በቅቤ የተጋገረ፣ ስኳር የለበሰ ዳቦም የዚያው ከተማ ኩራት ነው። ግሉቫይን ማለት ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ትኩስ ወይን ጠጅ ነው። ለኩባያው ማስያዣ ትከፍላላችሁ፤ ስትመልሱ ብራችሁ ይመለሳል። ብዙ ሰው ግን ኩባያውን ይዞት ይሄዳል። አብዛኞቹ ገበያዎች ከ24 በፊት ይነሳሉና «ለገና እሄዳለሁ» ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ጦርነት የሚመስለው ለምንድን ነው?

ያ ሁሉ ጸጥታ ዲሴምበር 31 ማታ ይፈነዳል። ቀኑን ዚልቬስተር ይሉታል፤ በ335 የሞቱት የሮማ ጳጳስ የቅዱስ ሲልቬስተር መታሰቢያ ስለሆነ። ርችት ለሕዝብ የሚሸጠው በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። ሕዝቡም ሦስት ቀን ሙሉ እየገዛ በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ቤታችሁ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም።

ቤት ውስጥ ያለው ወግ ደግሞ ሰላማዊ ነው። ቀድሞ እርሳስ አቅልጠው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያፈሱ ነበር፤ በወጣው ቅርጽ ዓመቱን ይተነብያሉ። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ከ2018 ወዲህ ለዚህ አይሸጥም፤ በሰም ወይም በቆርቆሮ ተተክቷል። የእኛ የሲኒ አተላ ንባብ በጤናም በዋጋም ይሻላል ባይ ነኝ። ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ ይበላል፤ ከመካከላቸው አንዱ ውስጥ ሰናፍጭ የሚሸሽግ ተንኮለኛ አይጠፋም። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ በ1963 ሀምቡርግ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር ጥቁርና ነጭ አጭር ቀልድ በየዓመቱ ይታያል። አንዲት አሮጊት እመቤት ልደታቸውን በሞቱ ወዳጆቻቸው ስም እያከበሩ፣ አሽከራቸው የሟቾቹን መጠጥ ሁሉ ሲጠጣላቸው። ጀርመኑ በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን ይስቃል።

ጎረቤቴ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ቁጥርና ፊደል ምንድን ነው?

ጃንዋሪ 6 አካባቢ ልጆች እንደ ሰብአ ሰገል ለብሰው፣ ዘውድ ደፍተው፣ ኮከብ ተሸክመው በየቤቱ ይዘምራሉ። ሆያ ሆዬን አስቡት፤ ልዩነቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ በሌላ አገር ለተቸገሩ ልጆች መሄዱ ነው። ሲጨርሱ በሩ አናት ላይ የዓመቱን ቁጥር ለሁለት ከፍለው በመካከሉ ሲ፣ ኤም፣ ቢ የሚሉትን የላቲን ፊደሎች ይጽፋሉ። ሰው የካስፓር፣ የሜልኪዮርና የባልታሳር ስም ይመስለዋል። በላቲን ግን «ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ» ማለት ነው። አትደምስሱት፤ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። የሰብአ ሰገል ዐፅም የሚባለው በ1164 ከሚላኖ መጥቶ እስከ ዛሬ ኮሎኝ ካቴድራል ውስጥ በወርቅ ሳጥን ተቀምጧል። ከተማዋን ለማየት ከሄዳችሁ ከመሠዊያው ጀርባ ፈልጉት።

ጨዋ አለቃዬ የቀበሮ ጭራ አስሮ ቢሮ መጣ። ምን ነካው?

ካርኒቫል ነው። ራይንላንድ ውስጥ ካርኒቫል፣ ባየርን ፋሺንግ፣ ደቡብ ምዕራብ ፋስናክት ይሉታል። ለኛ ሰው ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል፦ ቅበላ። ጾሙ ሳይገባ መብላት፣ መጠጣት፣ መጨፈር። የእኛ ቅበላ ሥጋ ቤት ሲጨናነቅ፣ የነሱ አደባባይ ላይ ያብዳል።

ወቅቱ በይፋ የሚከፈተው ኖቬምበር 11፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። ከዚያ ገና መጥቶ ያስተኛውና ከጾሙ በፊት ባለው ሐሙስ እንደገና ይነሳል። ያ ሐሙስ የሴቶች ነው። መቀስ ይዘው የወንዱን ሁሉ ክራባት ይቆርጣሉ። መቆጣት አይቻልም፤ የሚወዱትን ክራባት ያን ቀን አድርጎ የመጣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሰኞ ታላቁ ሰልፍ ይወጣል፤ ኮሎኝ፣ ዱሰልዶርፍና ማይንስ ዋናዎቹ ናቸው። ሰኞው በሕግ በዓል አይደለም። ኮሎኝ ውስጥ ግን ሥራ የሚገባ ሰው ብታገኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው።

ከሰልፉ መኪኖች ላይ ከረሜላና ቸኮሌት ይወረወራል። «ካመለ!» ብላችሁ ጩኹ። ልምድ ያለው ሰው ጃንጥላውን ገልብጦ ይዘረጋል። ፖለቲከኞች በትልልቅ አሻንጉሊት ይቀለድባቸዋል፤ ማይንስና ዱሰልዶርፍ ምሕረት የላቸውም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የካርኒቫሉ ሰላምታ ኮሎኝ ላይ «አላፍ!» ነው፣ ዱሰልዶርፍና ማይንስ ላይ «ሄላው!»። ኮሎኝ መሐል «ሄላው» ያለ ሰው የደርቢ ቀን በተቃራኒ ደጋፊ መሐል ማልያ እንደተሳሳተ ቁጠሩት።

ማክሰኞ ሌሊት ኮሎኞች ኑበል የሚሉትን የገለባ አሻንጉሊት ያቃጥላሉ። ገንዘቡን ማን ጨረሰው? ኑበል። ሚስቱን ማን ረሳ? ኑበል። ኃጢአቱን ሁሉ ጭነውበት ያነዱታል፤ ረቡዕ ጠዋት ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብተው ዓሣ ይበላሉ። ደቡብ ምዕራብ፣ ሮትቫይል አካባቢ ያለው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከእንጨት የተጠረበ ጭንብል፣ የሚንቋቋ ደወል፣ ጸጥ ያለ ፍርሃት። ልጆች ያለቅሳሉ። እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን አልሳቅኩም።

ፋሲካቸው ከኛ ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው? ጥንቸሏስ?

እነሱ በጎርጎርዮስ ካላንደር፣ እኛ በቀድሞው ስሌት ስለምናሰላ ነው። አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፤ 2025 ላይ ሁላችንም ኤፕሪል 20 ፈሰክን። በ2026 የነሱ ኤፕሪል 5፣ የኛ ኤፕሪል 12 ነው።

ስቅለት «ጸጥ ያለ በዓል» ይባላል። በሕዝብ ፊት ዳንስ ማዘጋጀት በሕግ ይከለከላል፤ ሰዓቱ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ባየርን ጠበቅ ያደርገዋል። ቅዳሜ ማታ በተለይ በሰሜን ትልቅ እሳት ይነዳል። ደመራ የናፈቀው ሰው ሄዶ ይሙቅ። እሑድ ጠዋት ልጆች ግቢ ውስጥ የተደበቀ ባለቀለም እንቁላል ይፈልጋሉ፤ ጥንቸል ናት ያመጣችው ይባላል። በ1682 አንድ ሐኪም ጽሑፉ ውስጥ ይቺን ጥንቸል አንስቷታል። ጥንቸል እንዴት እንቁላል ትጥላለች ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። በቀደመው ጊዜ በአንዳንድ አካባቢ ቀበሮ፣ በሌላው ሽመላ ነበር የሚያመጣው። ሽመላው ቢቀር ኖሮ ቢያንስ ወፍ ነበር።

ሜይ 1 ጠዋት በራችን ላይ ባለሪባን ዛፍ ቆሞ አገኘን። ማንን እንክሰስ?

ሴት ልጃችሁን ጠይቋት። ራይንላንድ ውስጥ ወጣቱ ለወደዳት ልጅ በሌሊት የበርች ዛፍ አምጥቶ፣ በባለቀለም ወረቀት አስጊጦ ቤቷ ላይ ያስራል። በአራት ዓመት አንዴ፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ሲኖራት፣ ተራው የሴቶቹ ነው።

ባየርን ውስጥ ዛፉ የመንደሩ ነው። ረጅም ግንድ ተልጦ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብቶ አደባባይ ይተከላል። ከመተከሉ በፊት ያሉትን ሌሊቶች ጎረምሳው ሲጠብቀው ያድራል፤ የጎረቤት መንደር ይሰርቀዋላ! ከተሰረቀ ፖሊስ አይጠራም። ሽማግሌ ተቀምጦ ይደራደራል፤ ካሣው ቢራና ምግብ ነው። ሌቦቹ ተጋብዘው፣ በልተው ጠጥተው፣ ግንዱን ራሳቸው ተሸክመው ይመልሳሉ።

የዕርገት ቀን ወንዶቹ ቢራ በጋሪ ይዘው የት ይሄዳሉ?

የትም። መሄዱ ራሱ ነው በዓሉ። ዕርገት ከፋሲካ በ40ኛው ቀን፣ ሁሌም ሐሙስ፣ እንደኛው ነው። ጀርመኖች ግን ቀኑን የአባቶች ቀን አድርገውታል። አባት መሆን ግዴታ አይደለም፤ ጋሪውን መጎተት መቻል ይበቃል።

ሁሉም ነጭ አስፓራገስ ስለሚባለው አትክልት የሚያወራው ለምንድን ነው?

ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን 24፣ የዮሐንስ መጥምቅ ልደት ድረስ፣ ብቻ ስለሚቆረጥ። ከዚያ ተክሉ ያርፋል። ቅቅል ድንችና ቅቤ ይዞ ይቀርባል። ጣዕሙ ለምላሴ እምብዛም ነው፤ ይህን ግን ጀርመን ፊት አልናገርም።

ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ትልቁን የካርቶን ቀንድ የግድ መግዛት አለብኝ?

አዎ፣ ወይም ሥሩት። ሹልቱተ ይባላል። ከረሜላ፣ እርሳስ፣ ትንንሽ ስጦታ ይሞላበታል። ከዛክሰንና ከቱሪንገን የተነሳ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነው። ያለ እሱ የመጣች ልጅ በፎቶው ላይ ትለያለች።

ኦክቶበርፌስት ለምን ሴፕቴምበር ይጀምራል?

ስለሚሞቅ። መነሻው ሰርግ ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 1810 የባየርኑ አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ልዕልት ቴሬዜን ሲያገባ ሙኒክ ዳር ሜዳ ላይ የፈረስ ግልቢያ ተደረገ። ሜዳው እስከ ዛሬ በእሷ ስም ይጠራል። ኋላ ላይ ለአየሩ ሲባል ወደ ሴፕቴምበር ተሳበ። ልክ በ6 ሰዓት ከንቲባው የመጀመሪያውን በርሜል መትተው ይከፍታሉ። ስንት ጊዜ መቱ የሚለው የዜና ርዕስ ነው። የሚሸጠው የስድስት የሙኒክ ጠማቂዎች ቢራ ብቻ ነው፤ ብርጭቆው አንድ ሊትር ይይዛል። መግቢያ በነፃ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ቦታ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ።

የበርሊን ግንብ የፈረሰው ኖቬምበር 9 አይደል? ብሔራዊ በዓሉ ለምን ኦክቶበር 3 ሆነ?

ግንቡ በ1989 ኖቬምበር 9 ተከፈተ። ግን በዚያው ቀን፣ በ1938፣ ናዚዎች ምኩራቦችን አቃጥለው አይሁዶችን ገድለዋል፣ አሳደዋል። ያን ቀን ማን ይጨፍርበታል? ስለዚህ ሁለቱ ጀርመኖች በሕግ የተዋሐዱበት ኦክቶበር 3 ቀን 1990 ተመረጠ። በዓሉ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በየዓመቱ አንድ ከተማ ዋናውን ዝግጅት ያስተናግዳል፤ ሌላው ሰው ይተኛል።

በኖቬምበር ማታ ልጆች ፋኖስ ይዘው የሚዘምሩት ለማን ነው?

ለቅዱስ ማርቲን፣ ኖቬምበር 11። የሮማ ወታደር ነበር። በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ለማኝ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ሰጠው። ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ፋኖሱን ራሳቸው ይሠራሉ። ፊት ፊት ቀይ ካባ የለበሰ ፈረሰኛ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ እሳት ይነዳል። በሰው ቅርጽ የተጋገረ ጣፋጭ ዳቦ ይታደላል። ቡሄ ነው በሉት፦ ዝማሬው፣ እሳቱ፣ ሙልሙሉ። ኮሎኝ ውስጥ ያው ቀን ጠዋት ካርኒቫል ይከፈታል፣ ማታ ፋኖስ ይወጣል፤ አባትየው ሁለቱንም ለማዳረስ ይሮጣል።

የኖቬምበር ቀሪው የሙታን ነው። ሰው መቃብር ያጸዳል፣ ሻማ ያበራል። የገና መብራት ከሙታን እሑድ በፊት ማብራት እንደ ነውር የሚቆጥሩ ዛሬም አሉ። እሑዱ ከመጀመሪያው አድቬንት አንድ ሳምንት ቀድሞ ይውላል።

ልደት እንኳን አደረሰህ ማለትስ ወግ አለው?

ከቀኑ በፊት አትበሉ! ገድ የለውም ይላሉ። ሥራ ቦታ ደግሞ ኬኩን የሚያመጣው ባለልደቱ ራሱ ነው። ስጦታ ጠብቃችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትገቡ።

ለኛ ገና፣ ለጃንዋሪ 7፣ ፈቃድ ይሰጡኛል?

እዚህ የሥራ ቀን ስለሆነ ከዓመት ፈቃዳችሁ ትወስዳላችሁ። በባየርን፣ በባደን ቩርተምበርግና በዛክሰን አንሃልት የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። ዋዜማው ጃንዋሪ 6 ዝግ ነው፤ ለሌሊቱ ቅዳሴ አርፋችሁ ትሄዳላችሁ። በሌላው ክፍለ ግዛት ያለን ከሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ቀናት ፈቃድ ሁሉም ይሻማበታል፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያለው ይቀድማል። እናንተ «24 እና 31 እኔ እሠራለሁ፣ 7ን ስጡኝ» በሉ። ይህን ስል እምቢ ያለኝ አለቃ እስካሁን የለም። በማግስቱ ድፎ ዳቦ ቆርሳችሁ ቢሮ ውሰዱ፤ ወጋቸው ነው፣ ባለበዓሉ ነው የሚያመጣው።